ከሃምሳ ወደ መቶ

የወታደር ማዕረግ ሰንጠረዥ ላይ ላዩን ሲያዩት አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይመስላል። ከታች ተራ ወታደር አለ። ከዚያ አስር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ ባሻ እያለ ይወጣል። ቀጥሎ መቶ አለቃ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ፣ እስከ ጄኔራል። የሚያየው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይገምታል፦ ጎበዝ ከሆንክና ከቆየህ ደረጃ በደረጃ ትወጣለህ።

ግን ባሻውና መቶ አለቃው መካከል መስመሩ ይቋረጣል። እስከ ባሻ ያሉት ባለ ማዕረጎች የበታች ሹሞች፣ ከዚያ በላይ ያሉት መኮንኖች ይባላሉ። በብዙ ሠራዊት ውስጥ አንድ ሰው ሃያ ዓመት በጉብዝና አገልግሎ፣ ባሻ ሆኖ ጡረታ ይወጣል። ትናንት ከአካዳሚ የተመረቀ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ በመጣበት ቀን አለቃው ይሆናል። ባሻው ቀጥ ብሎ ሰላምታ ይሰጠዋል። ልጁ ብልህ ከሆነ ማታውኑ ቀስ ብሎ ጠጋ ይልና፣ "ባሻ፣ ይሄን ነገር እንዴት ብናደርገው ይሻላል?" ይላል። ብልህ ካልሆነ አይጠይቅም። ያኔ ደግሞ መከራው የሁሉም ነው።

እኔ የደንብ ልብስ ለብሼ አላውቅም። ግን ከተራ ወታደርነት ተነስቶ መኮንን የሆነ የቅርብ ወዳጅ አለኝ። ከእሱ ጋር ስናወራ የሰማሁትና ለብቻዬ ሳነብ ያገኘሁት እየተጠራቀመ ሄደ። አሁን አቋሜ ይሄ ነው፦ ከታች ወደ መኮንንነት የሚያስገባው በር መቼም መዘጋት የለበትም። ጎበዝ የበታች ሹም ሁሉ በዚያ በር ካላለፈ ተበደለ የሚለው ሐሳብ ግን አይዋጥልኝም።

ነገሩ የሚወሰነው ገና ምልመላው ላይ ነው። ሁለት ሰልፍ አለ፤ አንዱ የተራ ወታደር፣ ሌላው የዕጩ መኮንን። የአካል ምርመራው ብዙም አይለያይም። ሁለቱም ዘንድ ቁመት ይለካል፣ ዓይን ይታያል፣ ይሮጣል፣ ፑሽአፕ ይሠራል። የሚለያቸው ወረቀት ነው። ዲግሪ ያለው ወይም ለአካዳሚ የሚያበቃ ውጤት ያመጣ በአንዱ፣ የሌለው በሌላው። አንድ ልጅ በ18 ዓመቱ የያዘው ወረቀት ደግሞ ብዙ ጊዜ ስለ ልጁ ከሚናገረው ይልቅ ስለ ቤተሰቡ ኪስ የሚናገረው ይበልጣል። ሲደክመው ምን እንደሚሆን፣ ሌላው ሲፈራ እሱ ምን እንደሚያደርግ አይናገርም። እነዚህ የሚታዩት ከገባ በኋላ ነው። ያኔ ግን ሰልፉ ተለይቷል።

ሚዛኑም ያታልላል። ኦዲ መርፊ የሚባለው የቴክሳስ ድሃ ገበሬ ልጅ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለመዝመት ሲሄድ፣ ማሪኖቹ፣ ማለትም የባሕር እግረኛ ጦሩ፣ "ሰውነትህ አይሞላም" ብለው መለሱት። እ.ኤ.አ. በ1942 እግረኛ ጦር ተቀበለው። እየተዋጋ የበታች ሹም ሆነ። በ1944 መጨረሻ አካባቢ፣ ፈረንሳይ ውስጥ፣ እዚያው ግንባር ላይ ምክትል መቶ አለቃ ተደረገ። በ1945 መጀመሪያ አንድ ሻምበል ጦር ይመራ ነበር። በአንድ ውጊያ ላይ ወታደሮቹን ወደኋላ ልኮ፣ እሳት በተያያዘ ተሽከርካሪ ላይ ወጥቶ፣ ብቻውን መትረየስ እየተኮሰ ጥቃቱን አስቆመ። የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳሊያ ያገኘው በዚያ ነው። ምልመላ ጣቢያ ሚዛን ላይ የቆመውን ያንን ቀጭን ልጅ አይቶ ይሄን የሚገምት ሰው አይኖርም። መላሾቹን አልወቅስም። እነሱ የያዙት ሜትርና ሚዛን ብቻ ነበር።

ድሮ ደግሞ ሰበቡ ወረቀት እንኳ አልነበረም፤ ዘር ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1781 አንድ ደንብ ወጣ። በቀጥታ መኮንን ሆኖ መግባት የሚፈልግ ሰው እስከ አራት ትውልድ ድረስ መኳንንት እንደነበሩት ማስረዳት አለበት ይላል። አንድሬ ማሴና የሚባለው ሰው ያኔ በዚያው ጦር ውስጥ ነበር። ወደ 14 ዓመት አገልግሎ፣ ተራ ሰው ሊደርስበት የሚችለው የበታች ሹምነት ጣሪያ ላይ ደርሶ፣ ከዚያ በላይ መንገድ ሲያጣ በ1789 ጥሎ ወጣ። በዚያው ዓመት አብዮት ፈነዳ። ማሴና ተመልሶ ገባና በ1793 ጄኔራል ሆነ። በ1804 ናፖሊዮን ከጄኔራልም በላይ፣ ማርሻል አደረገው።

ብቻውን አልነበረም። ሚሼል ኔይ የበርሜል ሠሪ ልጅ ነው፤ በ1787 ፈረሰኛ ጦር ውስጥ በተራ ወታደርነት ተቀጠረ፤ እሱም ማርሻል ሆነ። በርናዶት በ1780 ተራ ወታደር ሆኖ ገብቶ፣ ለዓመታት የበታች ሹም ሆኖ ቆይቶ፣ ኋላ ማርሻል ሆነ። ከዚያም አልፎ በ1818 የስዊድንና የኖርዌይ ንጉሥ ሆነ። ይሄን ስጽፍ ራሴው ፈገግ እላለሁ። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ንግሥናው አይደለም። ሰዎቹ በ1788ም እነዚያው ሰዎች ነበሩ። ችሎታው እዚያው ሰልፍ ውስጥ ቆሞ፣ ጠመንጃ እየወለወለ ነበር። አብዮቱ አልፈጠራቸውም፤ በሩን ብቻ ከፈተው።

እንግሊዞች ዘንድ ደግሞ ነገሩ በግልጽ በገንዘብ ነበር። በእግረኛና በፈረሰኛ ጦር የመኮንንነት ማዕረግ ይሸጥ ይገዛ ነበር። ይህ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1871 ነው። በሕግ ቀረ ማለት ግን ከሰው ኑሮ ወጣ ማለት አይደለም። የዊልያም ሮበርትሰን ታሪክ ይሄን ያሳያል።

ሮበርትሰን የአንድ የገጠር ልብስ ሰፊ ልጅ ነው። በልጅነቱ በአንድ ትልቅ ቤት አሽከር ሆኖ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1877፣ በ17 ዓመቱ፣ ፈረሰኛ ጦር ውስጥ በተራ ወታደርነት ተቀጠረ። እናቱ ሲሰሙ ቀይ ኮት ለብሶ ከማየው ብቀብረው ይሻለኛል ብለው ጻፉለት። ያኔ ወታደርነት ለድሃ ቤተሰብ እንኳ ውርደት ነበር። በ1888 መኮንን ሆነ። መከራው የጀመረው እዚህ ላይ ነው። የፈረሰኛ መኮንን ደመወዝ ለፈረሰኛ መኮንን ኑሮ አይበቃም። የደንብ ልብሱ፣ ፈረሱ፣ የመኮንኖች ክበብ ሂሳቡ፣ ሁሉም የሚከፈለው ከቤት በሚላክ ገንዘብ ነው ተብሎ ይታሰባል። ለሮበርትሰን ከቤት የሚላክ ነገር የለም። ልብሱን አባቱ ሰፉለት። በክበቡ ሌሎቹ ወይን ሲጠጡ እሱ ውሃ ይጠጣል። ኑሮ ወደሚረክስበት ወደ ሕንድ ሄደ። እዚያ ሌሎቹ ለጨዋታ ሲወጡ እሱ ቋንቋ ያጠናል፤ ምክንያቱም በአካባቢው ቋንቋ ፈተና ያለፈ መኮንን ተጨማሪ ገንዘብ ያገኛል። ያ ለገንዘብ ብሎ የተማረው ቋንቋ ወደ መረጃ ሥራ አስገባው። የመረጃ ሥራው ለከፍተኛ አመራር ወደሚያሠለጥነው ስታፍ ኮሌጅ አሻገረው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሃል፣ ከ1915 መጨረሻ ጀምሮ፣ የመላው የእንግሊዝ ጦር ኤታማዦር ሹም ነበር። በ1920 የመጨረሻው ማዕረግ ላይ ደርሶ ፊልድ ማርሻል ሆነ። በእንግሊዝ ጦር ታሪክ ከተራ ወታደርነት ተነስቶ እዚያ የደረሰ እሱ ብቻ ነው።

ሰዎች ይህንን ታሪክ "ከጣርክ የማይቻል ነገር የለም" ለማለት ይጠቅሱታል። እኔ ሳነበው ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። እሱ ብቻ ነው! በዚያ ሁሉ ዘመን፣ በዚያ ሁሉ ወታደር መካከል አንድ ሰው። ስንቱ ሮበርትሰን የክበቡ ሂሳብ አስፈርቶት "ይቅርብኝ፣ ባሻነቴ ይሻለኛል" ብሎ ይሆን?

ወዳጄ የክበብ ሂሳብ አላስጨነቀውም፤ ዘመኑ ሌላ ነው። ግን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሲያወራ ይስቅና መሃል ላይ ሳቁ ይቋረጣል። ትናንት "አንተ" እያሉት አብረውት ሲቀልዱ የነበሩ ልጆች ቆመው "እርስዎ" አሉት። ለጨዋታ መስሎት ነበር፤ የምራቸውን ነው። የሚበላበት ክፍል ተለየ። የሚያድርበትም ተለየ። አዲሶቹ ባልደረቦቹ ከእሱ ብዙ ዓመት የሚያንሱ ልጆች ናቸው፤ ካርታ ላይ ፈጣኖች፣ ሪፖርት ላይ ፈጣኖች። "ሪፖርት ገደለኝ" ይላል። "ሰው አመመኝ ሲለኝ ዋሽቶ እንደሆነ ከአካሄዱ አውቃለሁ። ያንን በሦስት አንቀጽ ጻፍ ሲሉኝ ግን ላብ ያጠምቀኛል።"

ከሁሉ የከበደው ግን እጁን መሰብሰብ ነበር። አንድ ምልምል መሣሪያ ሲፈታ ሲሳሳት ያያል። እጁን ይበላዋል። ቀምቶ ሊያሳየው ይፈልጋል። ያ ግን አሁን የሃምሳ አለቃው ሥራ ነው። መኮንኑ ዘሎ ከገባ የሃምሳ አለቃውን ቦታ መንጠቁ ነው፤ ልጆቹም በማግስቱ ሃምሳ አለቃውን አይሰሙትም። የመኮንን ሥራ ነገ የት እንደሚሄዱ፣ ስንቁ በየት እንደሚመጣ፣ ከጎን ያለው ጦር ምን እያደረገ እንደሆነ ማሰብ ነው። ወዳጄ አስር ዓመት ያህል "ይሄ መሣሪያ ይሠራል ወይ?" እያለ ኖሮ በድንገት "ይሄ መሣሪያ ለምን እዚህ ተቀመጠ?" ብሎ መጠየቅ ነበረበት።

ብዙ ሠራዊት አዲሱን መኮንን ከነበረበት ክፍል አንስቶ ሌላ ቦታ የሚልከውም ለዚህ ነው። ነውር ስለሠራ አይደለም። ማን ከማን እንደተበደረ፣ ማን ማታ አጥር ዘሎ እንደወጣ፣ ሁሉንም ያውቃል። አብሮም ዘሎ ይሆናል። እነሱም የእሱን ያውቃሉ። በዚህ ሁኔታ ቅጣት መስጠት ይከብዳል።

አሁን ወደ ተዘጋው በር ልመለስ፤ የዚህ ታሪክ ከባዱ ክፍል ስለሆነ።

የቅኝ ግዛት ጦሮች በሩን በቆዳ ቀለም ዘግተውት ነበር። በጣሊያን ጦር ውስጥ አንድ አስካሪ፣ ማለትም የቅኝ ግዛቱ ተወላጅ ወታደር፣ የፈለገውን ያህል ጀግና ቢሆን ጣሪያው ሹምባሽነት ነበር። መኮንኖቹ ጣሊያኖች ነበሩ። እንግሊዞች በሚገዟት ሕንድ ሽማግሌ ሱበዳር (ለሕንዳውያን ብቻ የሚሰጥ ማዕረግ) ከአንድ ለጋ እንግሊዛዊ ምክትል መቶ አለቃ በታች ነበር። ቤልጂጎች ኮንጎ ውስጥ ባቆሙት "ፎርስ ፑብሊክ" በተባለው ጦርም ኮንጎዎች የሚደርሱት የበታች ሹምነት ድረስ ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1960 ነፃ ስትወጣ መኮንኖቹ ቤልጂጎች ነበሩ። ወታደሩ ነፃነት መጣ ሲባል እንግዲህ ለእኛም መጣ አለ። ከአምስት ቀን በኋላ አዛዡ ጄኔራል ያንሰንስ ወታደሮቹን ሰብስቦ ሰሌዳው ላይ ጻፈላቸው፦ "ከነፃነት በፊት እኩል ይሆናል ከነፃነት በኋላ።" ምንም አይለወጥም ማለቱ ነው። ጦሩ ያኔውኑ አመፀ። መንግሥት ጄኔራሉን አባርሮ፣ ለእያንዳንዱ ወታደር አንድ ማዕረግ ጨመረ። ሞቡቱ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በበታች ሹምነት ከዚያ ጦር የተሰናበተው፣ በአንድ ጊዜ ኮሎኔልና ኤታማዦር ሆነ። ኋላም አገሪቱን ለብዙ ዓመታት ብቻውን ገዛ።

እዚህ ላይ ሁለት ጥፋት አያለሁ። በሩን ለሰባ ዓመት ግጥም አድርጎ መዝጋት አንድ ነው። በአንድ ሳምንት በርግዶ መክፈት ሁለተኛው ነው። ሰባ ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ሰው ቢያልፍበት ኖሮ ያ ሳምንት ባላስፈለገ።

ሃምሳ አለቆች ተበደልን ብለው ሲነሱ ነገሩ እንደ ተራ አድማ አያልቅም። መሣሪያውም ሰውም በእነሱ እጅ ነው። ኩባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1933 ባቲስታ የተባለ የጽሕፈት ሥራ የሚሠራ ሃምሳ አለቃ የመራው የበታች ሹሞች አመፅ መንግሥት ገለበጠ። እ.ኤ.አ. በ1980 ብቻ ሁለት አገር ላይ ተመሳሳይ ነገር ተከታተለ፤ በየካቲት ደቡብ አሜሪካ ያለችው ሱሪናም፣ በሚያዝያ ላይቤሪያ። የሱሪናሞቹ መነሻቸው የበታች ሹሞች ማኅበራችን ይታወቅልን የሚል ጥያቄ ነበር። እኛም የራሳችን አለን። በጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና ላይ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ፣ መኮንኖቹ የራሳቸውን ጉድጓድ አናካፍልም ሲሉ፣ የበታች ሹሞቹና ወታደሮቹ መኮንኖቹን አሠሩ። ከዙፋኑ የተላከውን ጄኔራልም ያዙና እኛ የምንበላውን ብላ፣ የምንጠጣውን ጠጣ አሉት። በዚያው ዓመት ሰኔ የተቋቋመው ደርግ አባላቱን የወሰደው ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ካሉት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ማዕረግ ማንም አላመነውም።

ጦርነት ሲመጣ ደግሞ የትም አገር በሩ በራሱ ጊዜ ይከፈታል። እንግሊዞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጌታ ልጆች አልቀውባቸው በ1916 አዲስ የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሻለቃ ጦሮች አቋቋሙ። በእነዚህ ለመግባት በአብዛኛው አስቀድሞ በተራ ወታደርነት ማገልገል ያስፈልግ ነበር። የባንክ ጸሐፊው፣ የሱቅ ሠራተኛው መኮንን ሆነ። የድሮዎቹ "ጊዜያዊ ጌቶች" እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። ሰላም ሲመጣ ብዙዎቹ ወደ ጸሐፊነታቸው ተመለሱ። ለመሞት ሲሆን በቂ ነበሩ።

በሁለተኛው ጦርነት ግን አንድ የምወደው ነገር ሠሩ። መጀመሪያ ላይ ዕጩ የሚመረጠው በአጭር ቃለ መጠይቅ ነበር። የት ተማርክ? አባትህ ምን ይሠራሉ? በዚህ የተመረጡት ብዙዎቹ ሥልጠናው ላይ ይወድቁ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1942 ሐኪሞችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ያሉበት አዲስ የምርጫ ቦርድ ተቋቋመ። ዕጩዎቹ ለጥቂት ቀናት አብረው ይሰነብታሉ። በስማቸው ፋንታ ቁጥር ይለጠፍባቸዋል። ከዚያ የተወሰኑ ሰዎች ሜዳ ላይ ይወሰዱና፣ ይሄን ግንድ ከዚያ ማዶ አሻግሩ ይባላሉ። አለቃ ማን እንደሆነ አይነገራቸውም። መርማሪዎቹ ዳር ቆመው ዝም ብለው ያያሉ።

በዚህ ፈተና ጮክ ብሎ የሚያዝ ሰው ብዙ ጊዜ ጎልቶ ይታያል ግን አይመረጥም። የሚፈለገው ሌላ ነው። ሐሳቡ ውድቅ ሲሆን አኩርፎ ዳር ይቆማል ወይስ የሌላውን ሐሳብ ይዞ ይገፋል? ዝም ያለውን ሰው አይቶ "አንተስ?" የሚለው ማን ነው? ወዳጄም ተመሳሳይ ፈተና ወስዷል። ገመድ ማሰር ስለሚያውቅ ብቻ ዝም ብሎ ሲያስር ቆይቶ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ "ከባዱን መጨረሻ እናሻግረው" አለ። ያለፈው በዚያች ዓረፍተ ነገር ይመስለዋል። የሆነው ሆኖ፣ በዚህ ሜዳ ላይ ዲግሪም የአባት ስምም ግንድ አያሻግርም።

ጎበዝ የበታች ሹም ሁሉ ይለፍ የሚለው ያልተዋጠልኝ ደግሞ በዚህ ነው። ጥሩ ባሻ በራሱ ሙሉ ባለሙያ ነው። ወታደሩን በስሙ፣ በጫማው ቁጥር፣ በቤቱ ችግር ያውቀዋል። አዲሱን መኮንን የሚያሠለጥነውም፣ ማንም በአፉ ባይለውም፣ እሱ ነው። ምርጥ ባሻዎችን ሁሉ ነቅለህ መኮንን ብታደርጋቸው ብዙ መካከለኛ መኮንን ታገኛለህ፣ ባሻ ታጣለህ። አንዳንዱም አይፈልገውም። እንግሊዞች ከረጅም አገልግሎት በኋላ ለባሻዎቻቸው የሚሰጡት መኮንንነት አለ፤ በአብዛኛው በቀጥታ ሻምበል ሆነው ይገባሉ። ክብር ነው። ግን ዕድሜው ስለሄደ ብዙውን ጊዜ ሥራው ንብረትና አስተዳደር ላይ ያዘነብላል፤ ከዚያ ተነስቶ ጄኔራል መሆን የሚታሰብ አይደለም። ይህንን የጡረታ ሽልማት ብላችሁ ጥሩት፣ አልቃወምም። በሩ ተከፍቷል ለማለት ግን አይበቃም።

የሚበቃው ቀድሞ የሚከፈት በር ነው። ጆን ሻሊካሽቪሊ ዋርሶ የተወለደ ስደተኛ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1958 በግዴታ ውትድርና መለመለችው። ተራ ወታደር ሆኖ ብዙም ሳይቆይ ለዕጩ መኮንኖች ትምህርት ቤት ተመርጦ በ1959 ምክትል መቶ አለቃ ሆነ። ከ1993 እስከ 1997 የአገሪቱ ጥምር ጦር ኤታማዦሮች ሊቀመንበር ነበር። በሃያ ሦስት ዓመቱ ባያልፍና በአርባ ዓመቱ ቢያልፍ ኖሮ ስሙን አንሰማም ነበር። እስራኤሎች ደግሞ ከነጭራሹ ሁለት ሰልፍ የላቸውም ማለት ይቻላል። መኮንን የሚመረጠው ገብተው ካገለገሉ ወታደሮች መካከል ነው፤ አብዛኛውም ቀድሞ ጓድ መርቷል። በግዴታ ውትድርና ብዙው ሰው ስለሚገባ ለእነሱ ይቀላል። በፈቃደኝነት የሚቀጥር ሠራዊት እንደዚያ ማድረግ ይከብደዋል፤ ዲግሪ የያዘ ሰው መጀመሪያ ሁለት ዓመት ጠመንጃ ወልውል ቢባል ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ይሄዳል።

ገንዘቡም አይረሳ። ብዙ ዓመት ያገለገለ የበታች ሹም ከአዲስ ምክትል መቶ አለቃ የተሻለ ደመወዝ ሊኖረው ይችላል። ሚስትና ልጆች አሉት። አሜሪካኖች ይሄን አይተው ከአራት ዓመት በላይ በታች ማዕረግ ያገለገለ ሰው መኮንን ሲሆን እስከ ሻምበልነት ድረስ ከሌሎቹ ከፍ ያለ ልዩ የደመወዝ እርከን አበጁለት። ስለ ክብር ከሚደረጉ ንግግሮች ሁሉ ይሄ አንድ መስመር የደመወዝ ሰንጠረዥ የበለጠ ሰው አሻግሯል ብዬ እገምታለሁ።

ሰሞኑን አንድ የዘመዴ ልጅ ልመዝገብ ወይ ብሎ አማከረኝ። ዲግሪ የለውም፤ "ገብቼ እዚያው መኮንን እሆናለሁ" ይላል። ሂድም ቅርም አላልኩትም። ውሉ ላይ ሳትፈርም እነዚህን ጠይቅ አልኩት። ለዕጩ መኮንንነት ማመልከት የሚቻለው ከስንት ዓመት አገልግሎት በኋላ ነው? የዕድሜ ጣሪያው ስንት ነው? አንዳንድ አካዳሚ ያገባ ሰው አይቀበልም፤ እዚህስ? የሚመርጠው ቦርድ ነው ወይስ የክፍሉ አዛዥ ፊርማ ብቻ? አዛዡ ጎበዝ ስለሆንክ አልለቅህም ቢልህ ለማን ይግባኝ ትላለህ? ወድቀህ ብትመለስ ማዕረግህ ይጠበቅልሃል? ሁለተኛ መሞከር ይቻላል? ወዳጄ አጠገባችን ተቀምጦ ይሰማ ነበር። "አንድ ጨምርበት" አለ። "ባለፈው ዓመት ከታች ስንት ሰው አለፈ ብለህ ጠይቅ። መልማዩ ቁጥሩን ወዲያው ከነገረህ ፈርም።"